ጨዋ ሆና ዋለች

ሰዓዳ ይማም ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ተማሪዎቿን ዜማ ማልበስ ነበር። በክፍሉ በር ላይ ትቆማለች። ልጆቹ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በክራንች፣ በእናታቸው እጅ ተይዘው ይመጣሉ። እሷም የእያንዳንዱን ጥብጣብ ከግድግዳው መስቀያ እያወረደች አንገታቸው ላይ ታስርላቸዋለች። ጥብጣቡ እንደ ነጠላ ጥለት ስስ ነው፤ ቆዳ ሲነካ ለብ ይላል። ወዲያው የልጁ ትከሻ ይወርዳል፣ ሲወራጭ የነበረ እጁ ጭኑ ላይ ያርፋል፣ ዓይኑም አንድ ቦታ ላይ ይተከላል። ለሁሉም ታስሮ ሲያልቅ ክፍሉ በሙዚቃ ይሞላል። ከውጭ ለሚመለከት ግን ጸጥታ ብቻ ነው።

የጥብጣቡ ስም ቃኚ ነው። ክራር ተጫዋች ጅማቱን እንደሚቃኝ፣ ይህም የልጁን የልብ ምትና ትንፋሽ እያዳመጠ ለዚያች ደቂቃ የሚስማማውን ዜማ እዚያው ይፈጥራል። ዜማውን የሚልከው በአየር ሳይሆን በአንገት አጥንት በኩል ስለሆነ የሚሰማው የታሰረለት ልጅ ብቻ ነው። አንዱ ባቲ፣ አንዱ አምባሰል፣ አንዱ ደግሞ ገና ስም ያልወጣለት ቅኝት እየሰማ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ ማለት ነው። አዋቂ ሰው በራሱ አንገት እንዲሞክረው አይፈቀድም። የሌላ ሰው ልብ ከገባበት የልጁን ልብ ይረሳል ይባላል። በዚያ ዘመን ኮምቦልቻ ውስጥ ቃኚ ያልገባበት የመንግሥት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሰዓዳ የምትሠራበት የድልድይ ማዶ ትምህርት ቤት ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ያስገባ ነው ተብሎ እንግዳ ሲመጣ ይጎበኝ ነበር።

የሰዓዳ ማዕረግ «የዜማ ሐኪም» ነው። ማዕረጉ እንዳለ ቆሞ ሥራው ግን እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጠዋት ማሰር፣ ከሰዓት በኋላ መፍታት ሆኖ ቀርቷል። ከመፍታቷ በፊት አንድ ነገር ይቀራታል። ግድግዳው ላይ የየልጁ ልብ በብርሃን መስመር ይታያል፤ እሷ ከመስመሩ ፊት ቆማ ልጁ እንዴት እንደዋለ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ ቃኚም ያንን ሰምቶ ይማራል። «ጨዋ ሆኖ ዋለ» ትላለች። «ዛሬ ትንሽ አስቸግሯል» ትላለች። ከዚያ ቦርሳዋን ትይዝና በቦርከና ወንዝ ላይ በሽቦ ተንጠልጥለው የፋብሪካ ሠራተኛ በሚያመላልሱት ካቢኖች ተሳፍራ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

በወጣትነቷ እንዲህ አልነበረም። ያኔ ልጆቹን በክብ ታስቀምጥና መሃላቸው ድቤ ታኖር ነበር፤ መንዙማ ላይ የሚመታውን ከበሮ። አንዱ ልጅ ይመታል፣ የቀሩት ይቀበሉታል። አውራጁ አንድ ስንኝ ብሎ ሲያቆም ተቀባዮቹ እንደሚያነሱት ዓይነት ነው። እጁ የማይታዘዝለት በምላሱ ይቀበላል፤ ምላሱ የማይታዘዝለት በዓይኑ ሽፋሽፍት። ጩኸት ነበር፣ ትርምስ ነበር፤ ሁሉም ተላቅሰው የሚለያዩበት ቀንም ነበር። እውነቱን ለመናገር ቃኚ ሲመጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ ሰዓዳ ራሷ ናት። ደክሟት ነበር። የደከመው ሰው ደግሞ ዝምታ ያመጣለትን ነገር ሁሉ ይመርቃል።

ከልጆቹ መካከል ሉባባ የምትባል አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። አትናገርም። አባቷ በሕይወት ሳለ ድቤ መቺ ነበርና፣ እሱ ካለፈ በኋላ ጠረጴዛውንም በሩንም ድስት ክዳኑንም በመዳፏ ስትደበድብ ነው የኖረችው፤ ቃኚ እስኪታሰርላት ድረስ። ሉባባ አንድ ጠባይ አላት። ለእሷ የተደረገላትን ለሌላው ታደርጋለች። አፍንጫዋን ከጠረጉላት ዞራ የጎረቤቷን ትጠርጋለች። ሹራብ ከደረቡላት አውልቃ የበረደው ለሚመስላት ትደርባለች። አንድ ቀን ሰዓዳ ራሷን አሟት ግንባሯን ይዛ ብትቀመጥ፣ ሉባባ ቀስ ብላ ተነስታ የራሷን ሻሽ ፈታችና በሰዓዳ ራስ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት። እናቷ እንደምታስርላት ማለት ነው። ሰዓዳ ሻሹን እንደታሰረች ነው ያን ቀን የዋለችው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ተሰማ።

መጀመሪያ ሰዓዳ ከውጭ የመጣ መሰላት። መስኮቱን ዘጋች፤ ድምፁ አልጠፋም። በልጆቹ መካከል እየዞረች ስታዳምጥ ከሉባባ አንገት እንደሚመጣ አወቀች። ልጅቱ የጥብጣቡን ጫፍ ስታኝክ፣ አጥንት የምትነካው ትንሽ ብረት ተጣማ ዜማው ወደ ውጭ እያፈሰሰ ነበር። ሰዓዳ ደስ አላት። ይህን ያህል ዓመት አስራ ስትፈታው የኖረችውን ዜማ በጆሮዋ ልትሰማ ነው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጆሮዋን አስጠጋች።

ባቲ አልነበረም። አምባሰልም አልነበረም። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ወፍራም፣ ረጅም፣ ከልጅቱ ትንፋሽ ጋር አብሮ የሚወጣና አብሮ የሚገባ። ትንፋሿን ጥቂት ይከተልና ይዘገያል፤ እሷም ሳታውቀው ትዘገያለች። እንደገና ይከተላል፣ እንደገና ይዘገያል። ሰዓዳ ዜማው እስኪጀምር ጠበቀች። አልጀመረም። በዚህ መካከል አንዲት እርግብ መስኮቱ ላይ አርፋ መስተዋቱን በመንቆሯ ቆረቆረች። ሉባባ አየቻት። የከንፈሯ ጫፍ ተነሳ፤ ልትስቅ ነበር። ይኼኔ ድምፁ ወፈረ፣ ወረደ፣ ልጅቱን ተጫናት። ከንፈሯ ወደ ቦታው ተመለሰ። እርግቧ አሁንም ትቆረቁራለች፤ ሉባባ አሁንም ታያታለች፤ ፊቷ ላይ ግን ማንም የለም።

ሰዓዳ ጥብጣቡን ፈታችው።

ደንቡ ግልጽ ነው። ቃኚ የሌለው ልጅ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፤ እስኪጠገንለት ቤቱ ይውላል። የሉባባ እናት ዘሀራ ግን ፋብሪካ ናት፤ ቤት ማንም የለም። ሰዓዳ ልጅቱን እጇን ይዛ አሮጌ ዕቃ ወደሚቀመጥበት መጋዘን ወሰደቻት። እዚያ ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ያ የድሮ ድቤ ነበር፤ ቆዳው ረግቧል፣ አቧራ ለብሷል። ሉባባ እንዳየችው መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠችና ወደ ራሷ ሳበችው።

ድም፣ ድም፣ ድድም።

መታችና እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ቀረች። ሰዓዳ የረሳችው መስሏት «በይ ቀጥዪ» አለቻት። ሉባባ ከድቤው ላይ ዓይኗን አንስታ አየቻት እንጂ አልቀጠለችም። እንደገና፦ ድም፣ ድም፣ ድድም። እንደገና እጇን አንጠለጠለች። ያኔ ነው ሰዓዳ የገባት። ልጅቱ አውርዳለች፤ የምትጠብቀው ተቀባይ ነው።

ሰዓዳ በጭብጨባ ተቀበለቻት።

ሉባባ ሳቀች። ሳቅ ይሁን ጩኸት ለመለየት የሚያስቸግር፣ ከሆድ ተነስቶ ጣራ የሚነካ ነገር ነበር። ሰዓዳም አብራት ሳቀች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ድቤውን አንስታ፣ ልጅቱን አስከትላ፣ እንደ ሙሽራ አጃቢ እየመታች ወደ ክፍሉ ገባች። «በሉ ተቀበሉ!» አለች ልጆቹን። ሉባባ መታች። ጠበቀች። ልጆቹ ግን እንኳን ሊቀበሉ ዘወር ብለው አላዩዋትም። እያንዳንዳቸው አንገታቸው ላይ ጥብጣባቸውን እንዳሰሩ፣ እጃቸው ጭናቸው ላይ፣ ዓይናቸው እንደተተከለ ቀሩ። ሰዓዳ ተናደደችባቸው። እንዴት አንድ ሰው ሲጠራ አይሰማም? ለጊዜው የታያት ይህ ብቻ ነበር። ሉባባ እየደጋገመች መታች፤ ብዙም ሳይቆይ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሰዓዳ፣ ምን ጉድ ነው? ቀጣዩ ክፍል መማር አልቻለም እኮ» አላት።

በማግሥቱ ከከተማው የዜማ ሕክምና ጽሕፈት ቤት አስናቀው የሚባል መሐንዲስ መጣ። ገና ወጣት፣ ቁመተ ረጅም፣ ሲናገር የሰው ዓይን የማያይ ነው። ጥብጣቡን በመሣሪያው ሥር አድርጎ ጥቂት ካየ በኋላ ቀና አለ።

«ምንም አይደለም እትዬ ሰዓዳ። አጥንት የምትነካው ብረት ተጣማ ነው። ወስጄ አስተካክላታለሁ።»

«እኔ ስለ ማፍሰሱ መች ጠየቅሁህ? ስለሚያፈስሰው ነገር ነው የምጠይቅህ። ዜማው የታለ?»

«እሱ ነው ዜማው።»

«አንተ ልጅ፣ እኔ የወሎ ሰው ነኝ። ዜማ አውቃለሁ።»

አስናቀው ፈገግ ለማለት ሞከረና ተወው። «መጀመሪያ ላይማ ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም ይጫወት ነበር። የጫንኩለት እኔ ራሴ ነኝ። ከዚያ እየተማረ ሲሄድ እያንዳንዱን እየጣለ መጣ። የቀረው ይኼ ነው። በየትምህርት ቤቱ እንደዚሁ ነው።»

«ከማን ነው የተማረው?»

«ከእናንተ ነዋ።» መሣሪያውን ነካ አደረገው። የመምህራን ድምፅ እየተከታተለ ወጣ፤ የማታውቃቸውም የምታውቃቸውም። ጨዋ ሆና ዋለች። ጨዋ ነበር። ጎበዝ፣ ዝም ብሎ ዋለ። ዛሬ አስቸግራናለች። ዛሬስ ተመስገን ነው፣ ድምፁም አልተሰማ። አንደኛው ድምፅ የሰዓዳ የራሷ ነበር። ለስለስ ያለ፣ ደግ፣ የእናት የመሰለ ድምፅ።

«ማሽን ቃል አይገባውም፤ ቃሉ ሲነገር መስመሩ እንዴት እንደነበር ግን ያያል» አለ አስናቀው። «ጨዋ በተባለ ቀን ሁሉ መስመሩ ቀጥ ብሎ ነው የዋለው። አስቸገረ በተባለ ቀን መስመሩ ይዘላል። ሲያለቅስም ይዘላል፣ ሲስቅም ይዘላል። ለሱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዛሬ ሳቀች ብሎ የነገረው ሰው የለም፤ እትዬ ሰዓዳ። ፈልጌያለሁ። አንድም የለም።»

ሰዓዳ ወደ ግድግዳው መስመር ዞረች። ልጅ ዝም ካለ ጨዋ ነው፤ እንግዳ ፊት ካልተንቀሳቀሰ የታነጸ ነው፤ እሷም ያደገችው እንዲህ እየተባለች ነው፤ እናቷም እንዲሁ። ማንም በክፋት ያለው አልነበረም። ሌላ አገር ቢሆን ምናልባት ለቃኚ ሌላ ቃል ይነግሩት ይሆናል። እኛ ያለን ቃል ይኼ ነበር፤ ያንኑ ሰጠነው፤ እሱም አምኖ ተቀበለን።

«አስተካክለው» አለችው መጨረሻ ላይ።

«ጠይቀናል እኮ። ወላጆችን ሰብስበን ይለወጥ ወይ ብለን ጠይቀናል። እባካችሁ አትንኩብን ነው ያሉት። የኔም ሚስት ከነሱ ጋር ነው እጇን ያወጣችው።»

«ልጅ አለህ?»

አስናቀው ጥብጣቡን ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስገባ። «ወንድ ልጅ አለኝ። ቃኚ አለው» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «በጣም ጨዋ ነው» አለ፤ ወጥቶም ሄደ።

ጥገናው ቀናት ወሰደ። በእነዚያ ቀናት ሰዓዳ ያላንኳኳችው በር የለም። ርዕሰ መምህሩን በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ቃኚው ይፈታና ልጆቹ ድቤ ይምቱ ብላ ለመነችው። ደንቡ አይፈቅድም አላት፤ ሉባባንም መጋዘን ውስጥ መደበቁ ይብቃ፣ ቃኚዋ እስኪመለስ ቤቷ ትዋል ብሎ ጨመረበት። ወላጆችን አንድ በአንድ አነጋገረች። አንዱ አባት ሰምቶ ሰምቶ «ቲቸር፣ እርስዎ እረፍት ያስፈልግዎታል» አላት፤ ከልቡ አዝኖላት ነበር። ነገሩ ሁሉ እንዲህ ሆነ። ሉባባ ወይ ከቃኚዋ ጋር ትምህርት ቤት ትመጣለች፣ ወይ ያለ ቃኚ ቤት ተዘግቶባት ትውላለች። ሦስተኛ መንገድ ሊኖር የሚችለው እናቷ እሺ ካለች ብቻ ነበር። ሁለቱ ሆነው ከጮሁ ምናልባት የሚሰማ ይገኝ ይሆናል። ሰዓዳ የቀራት ተስፋ ይኼው ነበር።

ቅዳሜ ወደ ዘሀራ ቤት ሄደች። ቤቱ ከረጃጅሞቹ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ ላይ፣ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ያለ አንዲት ክፍል ነው። ግድግዳው ስስ በመሆኑ የጎረቤት ማንኪያ ሲቀመጥ ይሰማል። ዘሀራ የፋብሪካ ሰማያዊ ልብሷን ሳታወልቅ ተቀበለቻት። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ልይሽ ብዬ መጣሁ፤ ዘሀራዬ። አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች ሰዓዳ፤ ድቤውን ከከረጢቱ አወጣች።

ሉባባ ዘላ ተቀመጠች። ድም፣ ድም፣ ድድም። ቆመች። ዘሀራ እጇ ላይ የያዘችው ኩባያ ባለበት ቀረ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከሰውነቷ ውስጥ አንድ የቆየ ነገር ተነስቶ፣ ባሏ ሲያወርድ ሴቶቹ ከወዲያ ማዶ እንደሚቀበሉት፣ «ሶሉ አለ ነቢ» የሚለውን የመንዙማ መቀበያ አለች በለሆሳስ። ልጅቱ በሳቅ ፈነዳች። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ዘሀራ ኩባያውን ጥላ የልጇን እጆች ያዘች።

«በቃ እማዬ፣ በቃ፤ በቃ የኔ እናት።»

«ሰማሽው አይደል?» አለች ሰዓዳ። «አንቺ ተቀባይዋ ነሽ። ይኼን ነው የወሰዱባት። ነይ አብረን ጽሕፈት ቤቱ እንሂድ። አንዲት እናት ከጎኔ ብትቆም...»

ዘሀራ የልጇን መዳፍ እያገላበጠች ታይ ነበር፤ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ጠልቼው አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደክሟት ትተኛለች፤ የልጄን ሳቅ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ መሰለዎት? ግን ሳቋን ይዤ የት ልግባ? አባቷ ካረፈ ወዲህ ያልለቀቅነው ሠፈር የለም። ቤቱን ለዘመድ ፈልገነዋል ይሉኛል። ልናድሰው ነው ይሉኛል። ወላሂ አንዱ እንኳ በልጅሽ ጩኸት ነው ብሎ ፊት ለፊት የነገረኝ የለም። ሁሉም ጨዋ ናቸው። ይኼን ሳምንት ሥራ የገባሁት በር ቆልፌባት ነው። ስመለስ በሩን ስትመታው ከደረጃው ጀምሮ ይሰማኛል፤ ትመታና ታቆማለች፣ ትመታና ታቆማለች። ማን ይቀበላታል? እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነዎት። እኔ ፋብሪካ ነኝ። ተቀባይ የሌላት ልጅ ከምትሆን...» አልጨረሰችውም።

ሰዓዳ ድቤውን ለልጅቱ ትታላት ልትሄድ ስትል ዘሀራ አንስታ አስያዘቻት። «ይውሰዱት ቲቸር፤ አደራ። ሲያዩት ይብሳል።»

ሰኞ ጠዋት ጥብጣቡ ተጠግኖ መስቀያው ላይ ነበር። ልጆቹ ገቡ፤ ሰዓዳ አንድ በአንድ አሰረችላቸው። ትከሻዎች ወረዱ፣ እጆች አረፉ። በመጨረሻ ዘሀራና ሉባባ መጡ። ዘሀራ ልጇን ወንበሯ ላይ አስቀምጣ ከኋላዋ ቆመች። ሰዓዳ ጥብጣቡን አወረደች። ወደ ልጅቱ አንገት አስጠጋችው። ጣቶቿ እንቢ አሉ። አንዴ ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች፤ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ልጆቹ ባሉበት፣ ሰው ሳትፈራ፣ እንደ ለቅሶ ቤት ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ዘሀራም የሷን ስታይ አልቻለችም፤ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንሰቀሰቀች።

ሉባባ ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ልጅቱ የሰው ፊት ማንበብ ትችልበታለች፤ ከቃኚ ይልቅ። ቀስ ብላ ተነሳች። ጥብጣቡን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ከሰዓዳ ኋላ ዞረች፤ ያን ቀን ሻሹን እንዳሰረችላት፣ ሌሎችም ስትረበሽ ለእሷ እንደሚያደርጉላት፣ አንገቷ ላይ አድርጋ ጥብቅ አድርጋ አሰረችላት።

መጀመሪያ ሙቀቱ መጣ። ከዚያ ያ ወፍራም ድምፅ፤ ከጆሮዋ ሳይሆን ከውስጧ። ሳጓን ተከትሎ ወጣ፣ ተከትሎ ገባ፤ ከዚያ ዘገየ። ሰዓዳ ሳትፈልግ ዘገየች። ትከሻዋ ወረደ። እጇ ጭኗ ላይ አረፈ። እንባዋ ቆመ። ሐዘኗ ግን አልቆመም። እዚያው ነበር፤ ምንም ሳይጎድልለት፣ መውጫው ብቻ ተዘግቶበት። ማንም እንዳይረበሽ ሆኖ በሚገባ ታሽጎ ነበር።

ዘሀራ ሻሿን ከፊቷ አነሳች። የሰዓዳ ፊት ጭር ማለቱን አይታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ቃሉ ሳታስበው ነው የወጣት፤ ከልብ የመነጨ እፎይታ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ «እሳቸውም ተረጋጉ።»

ግድግዳው ላይ መስመሩ ቀጥ አለ። ቃኚ ቃሉን ሰማና ይህንንም ተማረ።

ሉባባ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። አንገቷ ባዶ ነው። መዳፏን አነሳች። ድም፣ ድም፣ ድድም። አቆመችና ወደ ሰዓዳ አየች።

ሰዓዳ ሰማች። አጥርታ ነው የሰማችው፤ እንዲያውም በሕይወቷ እንደዚያች ጊዜ አጥርታ ሰምታ አታውቅም። ልትቀበል ፈለገች። ፍላጎቱ ከውስጧ ተነሳ፤ ድምፁም ወረደበትና መልሶ አስቀመጠው። ደግሞ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀመጠ። እጇ አልታሰረም፤ እጇን የሚያነሳው ሰው ነው የታሰረው። ያኔ፣ አንገቷን ሳታዞር፣ በዙሪያዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው የተቀመጡት ልጆች ሁሉ ያን ማክሰኞ የሉባባን ድቤ ሰምተው እንደነበር አወቀች። ሁሉም ሰምተዋል። ሁሉም ሊቀበሉ ተነስተው ነበር። እሷ ፊታቸው ቆማ ስትናደድባቸው፣ እነሱ ከውስጥ እየተነሱ እየተቀመጡ ነበር። ሁልጊዜም፣ በየጠዋቱ፣ እሷ በደግ እጇ ካሰረችላቸው ጊዜ ጀምሮ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ግድግዳው ፊት ቆማ ጨዋ ሆነው ዋሉ ስትል ሰምተዋታል።

ሉባባ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ጠበቀች። ከዚያ እንደገና መታች። እንደገናም ጠበቀች።